ፎርማት ከማስደረግ በፊት፦ ዶታ 2 ምስሉ ሲበላሽ፣ ሲንቀረፈፍና ሲጠቁር ደረጃ በደረጃ ምን ይደረግ?

ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ «ላፕቶፔ ጌም ላይ አስቸገረኝ» ያለ ሰው የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ፎርማት። ተንቀረፈፈ፣ ፎርማት። ቀለሙ ተዘበራረቀ፣ አሁንም ፎርማት። ፎርማት መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልም። ግን ቻርጀሩ የማይመጥነው፣ ፋኑ በአቧራ የታፈነ ወይም አንድ ራም ብቻ የተሰካበት ማሽን መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ያው ነው። በዚያ ላይ ዶታ 2 የተባለው የኦንላይን ጌም በስቲም (ጌም በሚወርድበት ፕሮግራም) ገጹ ላይ 60 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፤ ካውንተር ስትራይክ 2 ደግሞ 85። ጌሙ አብሮ ከጠፋ በእኛ አገር ኔት መልሶ ማውረዱ ስንት ቀንና ስንት ብር እንደሚበላ የሞከረ ያውቀዋል።

መመሪያው ዶታ 2ን ይዞ ይሄዳል። ምክንያቱም በነፃ የሚገኝ ነው፣ በደከመ ላፕቶፕ ላይም ይነሳል። ቅደም ተከተሉ ግን ለሌሎች ኦንላይን ጌሞችም ይሠራል። ያስቀመጥኩት ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው ነው፤ ስለዚህ ባትዘሉት ይሻላል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ሞክሩ። አምስት ነገር ባንድ ላይ ነካክቶ የተስተካከለ ማሽን በሳምንቱ ሲመለስበት ከአምስቱ የትኛው እንደፈታው የሚያውቅ የለም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

1ኛ፦ ምልክቱን ለዩ

«ላግ ያደርጋል» ብላችሁ ለባለሙያ ብትነግሩት ምንም አልነገራችሁትም። መቼ ይጀምራል? ምን ይመስላል? ድምፁስ ይቀጥላል? መልሱ ወደየትኛው ደረጃ መሄድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ጌሙ ሲከፈት ጥሩ ሆኖ ከአሥር፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ነገሩ ሙቀት ነው ብላችሁ ጀምሩ። ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ዴስክቶፑም ጌሙም የሚጎተት ከሆነ ቻርጀሩን ወይም ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ጠርጥሩ። ስክሪኑ ጠቁሮ የጌሙ ድምፅ ከቀጠለ ማሽኑ አልሞተም፤ ወይ ድራይቨሩ ወድቋል ወይ ስክሪኑ የማይችለው ሪዞሉሽን ተመርጧል። ፈጠን ብላችሁ ስትንቀሳቀሱ ምስሉ በአግድም ተሰንጥቆ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ካልገጠመ ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ቪሲንክ የተባለው ምስሉን ከስክሪኑ ጋር እኩል የሚያስኬድ ሴቲንግ ጠፍቶ ነው። ጀግናው ወይም ዛፉ በሚቆምበት ቦታ ላይ «ኤረር» የሚል ቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከቆመ የጎደለ ፋይል አለ። በየቦታው ቀለም ያላቸው ካሬዎችና ጭረቶች ብልጭ ድርግም ካሉ ግን ሙቀት፣ ድራይቨር ወይም የግራፊክስ ካርዱ ራሱ ሊሆን ስለሚችል ሦስቱንም ማለፍ ያስፈልጋል።

ጭረትና ካሬ ላያችሁ ሁሉ አንዲት ነፃ ፈተና አለች። ጭረቱ በሚታይበት ቅጽበት ስክሪንሾት አንሱ፤ በስቲም ላይ ኤፍ 12 መጫን ይበቃል። ከዚያ ፎቶውን ወደ ስልካችሁ ላኩና ተመልከቱት። ጭረቱ በስልኩ ላይም ከታየ ችግሩ ያለው ምስሉ በሚሠራበት ቦታ ነው፤ ማለትም በካርዱ፣ በድራይቨሩ ወይም በጌሙ ፋይል። ፎቶው ንጹሕ ከሆነ ምስሉ በትክክል ተሠርቶ ወደ ስክሪኑ ሲሄድ ነው የሚበላሸው፤ ስለዚህ ገመዱን ወይም ስክሪኑን ፈትሹ። የላፕቶፕ ክዳን በቀስታ ወደ ኋላ ወደ ፊት ሲደረግ ጭረቱ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው የስክሪን ገመድ ተልጧል ወይም ላልቷል። ይህን ሳያጣሩ ሰዎች ማዘርቦርድ ያስፈታሉ።

2ኛ፦ ግራፊክስ ነው ኔት?

ግማሹ የ«ግራፊክስ ችግር» ግራፊክስ አይደለም። ዶታ ውስጥ ወደ ኦፕሽንስ ገብታችሁ «ዲስፕሌይ ኔትወርክ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን አብሩት። በስክሪኑ ጥግ ላይ ኤፍፒኤስ፣ ፒንግና የጠፋ ዳታ መጠን በቁጥር ይመጣል። ኤፍፒኤስ ማሽናችሁ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚሠራ ነው። ፒንግ ደግሞ መልእክታችሁ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጅበት ሚሊ ሰከንድ ነው።

ጀግናው ተራምዶ ወደ ነበረበት ሲመለስ፣ ወይም የጫናችሁት ስኪል ዘግይቶ ሲወጣ ቁጥሩን ተመልከቱ። ኤፍፒኤስ 60 ላይ ቆሞ ፒንጉ ከዘለለ ግራፊክስ ብትቀንሱ፣ ካርድ ብትገዙ ለውጥ የለውም። ዶታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰርቨር የለውም፤ ከዱባይና ከአውሮፓ ሰርቨሮች ሁለቱንም ሞክራችሁ ፒንጉ የሚሻለውን ምረጡ፣ በዋይፋይ ምትክ ገመድ ሞክሩ፣ ከበስተጀርባ የሚያወርደውን ዊንዶውስ አፕዴት አቁሙ። ይህ ሌላ መመሪያ የሚፈልግ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው። ፒንጉ ባለበት ቆሞ ኤፍፒኤሱ ወደ 20 እና 15 ከወረደ ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ፤ ቀጥሉ።

ሙከራውን ሁሉ ለብቻ በሚሞከርበት በ«ዴሞ ሂሮ» አድርጉት። በእውነተኛ ግጥሚያ መሀል ድራይቨር ለመቀየር የወጣ ሰው አራት የቡድን ጓደኞቹን ያቃጥላል፣ እሱም ሎው ፕራዮሪቲ የሚባለው ቅጣት ውስጥ ይገባል።

3ኛ፦ ማሽናችሁ ምን እንደያዘ እወቁ

የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብራችሁ ተጫኑ። በምትከፈተው ሣጥን ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ዲ፣ ኤክስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ጂ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። በሚመጣው መስኮት «ዲስፕሌይ» የሚለው ገጽ የግራፊክሱን ስምና የድራይቨሩን ቀን ያሳያል።

እዚያ ላይ «ማይክሮሶፍት ቤሲክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ በሽታው ተገኝቷል፤ ማሽኑ የግራፊክስ ድራይቨር ጨርሶ የለውም፣ ወደ 6ኛ ደረጃ እለፉ። ከፎርማት በኋላ «ጭራሽ ባሰበት» ከሚባሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ እዚህ ላይ የቀሩ ናቸው።

በየሱቁ ያገለገለ እየተባለ የሚሸጠው ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክና ቲንክፓድ አብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ጋር የተዋሐደ የኢንቴል ግራፊክስ የያዘ ነው። ኤችዲ 4000 ከተባለ 3ኛ ትውልድ፣ ኤችዲ 4400 ከሆነ 4ኛ፣ 5500 ከሆነ 5ኛ፣ ኤችዲ 520 ከሆነ 6ኛ፣ ኤችዲ 620 ከሆነ 7ኛ ትውልድ ነው። ልዩነቱ ለዋጋ ብቻ አይደለም። በዊንዶውስ ላይ ቩልካን የተባለውን የምስል አሠራር ኢንቴል የደገፈው ከ6ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ በኤችዲ 4000 ላይ ዶታን በቩልካን ክፈት የሚል ምክር ብትሰሙ እለፉት። በ4ኛው ትውልድ ላይ ደግሞ ኢንቴል በደኅንነት ክፍተት ምክንያት በኋለኞቹ ድራይቨሮች ሌላኛውን የምስል አሠራር፣ ዳይሬክት ኤክስ 12ን አጥፍቶታል። ዶታ በዳይሬክት ኤክስ 11 ስለሚሠራ አይነካውም፤ 12ን የግድ የሚል ጌም ግን አይነሳም፣ ጥፋቱም የእናንተ አይደለም።

ዴስክቶፕ ያላችሁ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ከኋላ ቀጥ ብለው ከተደረደሩት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች መሀል ከሆነ የገዛችሁት ካርድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሁለተኛ፣ ካርዱን በርካሽ ካገኛችሁት ጂፒዩ ዚ የተባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ክፈቱበት። አሮጌ ካርድ ላይ የአዲስ ስም ተጭኖበት መሸጥ የተለመደ ማጭበርበር ነው፤ ፕሮግራሙ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙዎቹን ለይቶ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍባቸዋል።

4ኛ፦ ቻርጀሩና መብራቱ

ይህን ደረጃ ማንም አይጠረጥረውም፤ እኔ ግን ከድራይቨሩ አስቀድሜዋለሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ የራሱ ቻርጀር ብዙ ጊዜ አብሮ አይመጣም፤ «ይሄ ይገጥምለታል» ተብሎ ሌላ ይሰጣል። ይገጥምለታልም። ግን ዴል ላፕቶፖች በክቡ ጫፍ መሀል ባለችው ቀጭን መርፌ አማካይነት የቻርጀሩን ማንነትና ዋት ያነባሉ። ካላወቁት ሲበሩ የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ አልቻልኩም የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት አውጥተው ባትሪ መሙላት ያቆማሉ፣ ፕሮሰሰሩንም ወደ ዝቅተኛ ፍጥነቱ ያወርዱታል። መልእክቱን ደግሞ ሁላችንም ሳናነብ እናልፈዋለን። መርፌዋ ከታጠፈች ወይም ከተሰበረች ትክክለኛው ቻርጀርም ቢሆን ያንኑ ያመጣል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጌሙ እየሠራ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አብራችሁ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ከዚያ «ሲፒዩ» የሚለውን ነክታችሁ «ስፒድ» የሚለውን ቁጥር አንብቡ። ጌም ላይ ሆኖ ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ መሆን የሚገባው ፕሮሰሰር 0.8 አካባቢ ተቸንክሮ ንቅንቅ ካላለ ችግሩ ይኸው ነው። በዴል ላይ ሲበራ ኤፍ 2 ተጭናችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ከገባችሁ የቻርጀሩን ዋት ያሳያል፤ 65 ወይም 90 ማለት ሲገባው «አንኖውን» ካለ ቻርጀር ቀይሩ። ባትሪው ጨርሶ የሞተበት ወይም የወጣበት ላፕቶፕም ፍጥነቱን ራሱ ሊቀንስ ይችላል።

መብራት ጠፍቶ በባትሪ የሚጫወት ሰው ኤፍፒኤሱ ግማሽ ቢሆንበት አይደነቅ፤ ማሽኑ ባትሪ እየቆጠበ ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ ታች ጥግ ያለችውን የባትሪ ምልክት ነክታችሁ ወደ «ቤስት ፐርፎርማንስ» ብታደርጉት ይሻሻላል፣ ቻርጁ ግን በፍጥነት ያልቃል።

የቮልቴጅ መዋዠቅ የሚጎዳው ላፕቶፕን ሳይሆን ይበልጥ ዴስክቶፕን ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ተጽፎበታል፤ ስለዚህ ትንሽ መውረድን ይችላል። ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያለው ዴስክቶፕ ግን ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጥድ ስክሪኑ ጠቁሮ ራሱን ካስነሳ፣ ካርዱን ሳይሆን መስመሩን ተመልከቱ፤ ከምጣዱ ጋር በአንድ ዲቫይደር አትሰኩት፣ ስታቢላይዘርም አስገቡለት። በክረምት መብረቅ ሲጀምር ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከሶኬቱ ንቀሉት።

5ኛ፦ ሙቀት

ኤችደብሊው ሞኒተር ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች የውስጡን ሙቀት ያሳያሉ። አንዱን ክፈቱና ዶታን በመስኮት ሁናቴ አጠገቡ ለግማሽ ሰዓት አሠሩት። ከ85 ዲግሪ በታች ከቆየ ደህና ነው። 95 እና 100 ከነካ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቆርጣል፤ በዚያች ቅጽበት ኤፍፒኤሱም አብሮ ይወድቃል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ በዓይናችሁ ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ደጋ ላይ ያለን ሰዎች የማናስበው አንድ ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ወለል ላይ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚገፋው አየር ያነሰ ስለሆነ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ማርቆስ ላይ ግን ብርዱ ይህን ያካክሰዋል። ባሕር ዳር ደግሞ ዝቅ ብላ 1,800 ሜትር አካባቢ ብትሆንም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ክፍሉ ራሱ ይሞቃልና በጥር ችግር ያልነበረበት ላፕቶፕ ፋሲካ ሲደርስ መንቀርፈፍ ቢጀምር አይግረማችሁ። አልጋ ላይ፣ ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መጫወት ከታች ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍነዋል። ከኋላው በሁለት የመጻሕፍት ጥራዝ ከፍ አድርጉት፤ ብዙ ዲግሪ ይቀንሳል፣ ዋጋው ደግሞ ዜሮ ነው።

ይህ ካልበቃ መክፈት ነው። ማሽኑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የታችኛውን ክዳን ብሎኖች እንደየቦታቸው በወረቀት ላይ እየደረደራችሁ ፍቱ፣ የባትሪውን ገመድም አላቁ። ዓመታት የሠራ ላፕቶፕ ውስጥ አቧራው የሚገኘው ፋኑ ላይ አይደለም፤ በፋኑና በቀጫጭኑ የመዳብ ክንፎች መሀል ነው፣ እንደ ባና ተጋግሮ። ከውጭ ሲታይ ንጹሕ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ፋኑን የያዙትን ሁለት ሦስት ብሎኖች ፈትታችሁ ስታነሱት ያ ንጣፍ ባንድ ላይ ተልጦ ይወጣል። የቀረውን ለስላሳ ብሩሽ ያነሳዋል። አየር የምትነፉበት ከሆነ ፋኑን በስንጥር አስቁሙት፤ በንፋስ ብቻ ከልክ በላይ ሲሽከረከር ይጎዳል። በአፍ መንፋት ትንፋሽ ያረጥባል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በመኪና ጎማ አየር ማስነፋት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግ፤ ግፊቱ ይበዛል፣ በቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመ ውኃም ይዞ ይመጣል።

አቧራው ወጥቶም 95 ከሆነ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መሀል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) ደርቋል ማለት ነው። የመዳቡን ብሎኖች በላያቸው በተጻፈው ቁጥር ቅደም ተከተል በጥቂት በጥቂቱ አላሉ፣ የደረቀውን በፋርማሲ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ትንሽ ጠብታ አዲስ ፔስት አድርጋችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ዳግም አረቄ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ይህን የምጽፈው ሲሞከር ስላየሁ ነው። እጃችሁ ካልደፈረ ይህን አንዱን ሥራ ለባለሙያ ስጡ፤ ግን ከመስጠታችሁ በፊትና በኋላ የሙቀቱን ቁጥር ለራሳችሁ ጻፉት።

6ኛ፦ ድራይቨር

በጨዋታ መሀል ስክሪኑ ከጠቆረ አትሩጡና አታጥፉት። መጀመሪያ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን ባንድ ላይ ተጫኑ። ዊንዶውስ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል፤ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይመለሳል። ካልሆነ ኦልትና ኢንተር ጌሙን ወደ መስኮት ያወጣዋል፤ የሪዞሉሽን ችግር ከነበረ ያኔ ይታያል።

ዊንዶውስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን ራሱ ቆርጦ ያስነሳል። «ዲስፕሌይ ድራይቨር ስቶፕድ ሪስፖንዲንግ» የሚል መልእክት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በኢቬንት ቪዌር መዝገብ ላይ በቁጥር 4101 ይቀመጣል። መዝገቡን ከፍታችሁ ይህ ቁጥር በሳምንት አንዴ ከታየ ችላ በሉት፤ ጨዋታ በከፈታችሁ ቁጥር ከተደረደረ ድራይቨሩን በንጽሕና ቀይሩ።

1. አዲሱን ድራይቨር መጀመሪያ አውርዱ። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ ከታች በተለጠፈው መለያ ቁጥር ፈልጋችሁ ብታወርዱ ይመረጣል። በቀጥታ ከኢንቴል የሚወርደው በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ለዚህ ማሽን አልተፈቀደም ብሎ አልጫንም ሊል ይችላል። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ኔት ያለበት ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡት። ፍላሹ እጃችሁ ሳይገባ አሮጌውን አታጥፉ።

2. ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር የተባለውን ፕሮግራም በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁናቴ) አስነስታችሁ አሮጌውን ከሥሩ አውጡ። ኔቱን በዚህ ጊዜ አጥፉት፤ አለዚያ ዊንዶውስ አፕዴት በመሀል ገብቶ የራሱን ይጭንባችኋል።

3. አዲሱን ጫኑ፣ ማሽኑን አስነሱ፣ ዶታን ክፈቱ። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ጨዋታ ስኪል በተተኮሰ ቁጥር ቆም ቆም ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሼደር የሚባሉትን የምስል ስሌቶች እንደ አዲስ እያዘጋጀ ነው። ካላቆመ ብቻ አስቡበት።

ችግሩ የጀመረው ድራይቨር አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ሮል ባክ ድራይቨር» ወደ ቀድሞው ይመልሳችኋል። አዲስ ሁልጊዜ ይሻላል የሚባለው ለአሮጌ ካርድ አይሠራም። ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ እጭናለሁ ከሚሉት ፓኬጆች ራቁ፤ የማይመጥን ስሪት ጭነው፣ ያላዘዛችሁትን ፕሮግራም ደርበው ይሄዳሉ።

ላፕቶፓችሁ ከኢንቴሉ ሌላ የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ካርድ ካለው ዶታ በደካማው እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ውስጥ ገብታችሁ ዶታን ጨምሩና «ሃይ ፐርፎርማንስ» በሉት። ለአንዳንዱ ሰው መመሪያው እዚህ ላይ ያበቃል።

7ኛ፦ የጌሙ ፋይሎች

ስቲም ውስጥ ዶታ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኢንስቶልድ ፋይልስ፣ ከዚያ «ቬሪፋይ ኢንቴግሪቲ ኦፍ ጌም ፋይልስ»። የጎደለውንና የተበላሸውን ለይቶ ያንኑ ብቻ ያወርዳል። መብራት ሲሄድ አፕዴት ላይ የነበረ ዶታ ይህን ሁልጊዜ ይፈልጋል።

ጌሙ ፈጽሞ ካልተስተካከለ ከባዶ ከማውረድ ከጓደኛ መቅዳት ይሻላል። ስቲምን በሁለቱም ማሽን ዝጉ። በስቲምአፕስ ፎልደር ውስጥ ያለውን የኮመን ፎልደር ክፈቱና «ዶታ 2 ቤታ» የሚለውን ቅዱ፤ ጌሙ በ2013 እ.ኤ.አ. ከቤታ ቢወጣም ፎልደሩ ስሙን አልቀየረም። ከስቲምአፕስ ላይ ደግሞ አፕማኒፌስት ተብሎ 570 ቁጥር ያለበትን ትንሽ ፋይል ጨምሩ፤ 570 የዶታ መለያ ነው። በራሳችሁ ማሽን ላይ በየቦታው አስቀምጡ፣ ስቲምን ክፈቱ፣ ቬሪፋይ አድርጉ። ትንሿን ፋይል የረሳ ሰው ስቲም ጌሙ የለህም ብሎ ከዜሮ ማውረድ ሲጀምርበት ነው የሚያስታውሳት።

ሴቲንግ ቀይራችሁ ጌሙ ከዚያ ወዲህ ጠቁሮ ከቀረ፣ በዚያው በ«ዶታ 2 ቤታ» ፎልደር ውስጥ ጌም፣ ከዚያ ዶታ፣ ከዚያ ሲኤፍጂ ግቡና «ቪዲዮ» የሚል ስም ያለውን የጽሑፍ ፋይል አጥፉ። ጌሙ ሲከፈት በነባሪው ሴቲንግ አዲስ ይሠራል። በስቲም ፕሮፐርቲስ ላይ ባለው የላውንች ኦፕሽንስ ሣጥን ውስጥ ድሮ የጻፋችሁት ትእዛዝ ካለም ሰርዙት። ዳይሬክት ኤክስ 9ን የሚያዘው አሮጌ ምክር አሁንም ከሰው ሰው ይዞራል፤ የጌሙ ባለቤት ቫልቭ ግን በ2022 እ.ኤ.አ. እንደሚያቆመው አስታውቆ አስቀርቶታል።

8ኛ፦ ሴቲንግ፣ በቅደም ተከተል

ሁሉንም ወደ ዜሮ አውርዶ ጌሙን ማየት እስኪያቅት ማደብዘዝ አያስፈልግም። ብዙ የሚያተርፉት ጥቂት ናቸው። ቀዳሚው «ጌም ስክሪን ሬንደር ኳሊቲ» ነው፤ ከ100 ወደ 70 አውርዱት፣ ከሥሩ ያለውን ኤፍኤስአር አብሩት። ምስሉ በትንሹ ተሠርቶ ተስሎ ይሰፋል፤ በ14 ኢንች ስክሪን ላይ ልዩነቱን ለማየት መፈለግ ይጠይቃል። ቀጥሎ ጥላውን ዝቅ፣ አምቢየንት ኦክሉዥንን፣ የውኃውን ጥራትና ጭጋጉን አጥፉ። ቴክስቸርን መጨረሻ ላይ ንኩ፤ እሱ ከፍጥነት ይልቅ የሚበላው ሚሞሪ ነው።

ከዚያ «ማክሲመም ፍሬምስ ፐር ሰከንድ»ን ስክሪናችሁ በሚችለው በ60 ገድቡት፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። ማሽኑ 60 የማይደርስ ከሆነ 40 ላይ ብትቸነክሩት ከ25 እስከ 60 ከሚዘልል ይሻላል፤ ዓይን የሚያስቸግረው ዝቅ ማለቱ ሳይሆን መዋዠቁ ነው ባይ ነኝ። ቪሲንክ ስንጥቁን ያጠፋል፣ ማውሱን ግን ጥቂት ያዘገያል፤ እኔ አጥፍቼ ነው የምጫወተው።

9ኛ፦ ገንዘብ ካወጣችሁ ራም ላይ አውጡ

የተዋሐደ ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፤ ከራሙ ነው የሚበደረው። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ሚሞሪ» የሚለው ገጽ «ስሎትስ ዩዝድ» ብሎ 1 ከ2 ካለ አንዱ በር ተዘግቷል ማለት ነው። ተመሳሳይ መጠንና ፍጥነት ያለው ሁለተኛ ራም ሲጨመር ሁለቱ ባንድ ጊዜ ይነበባሉ፤ በኢንቴል ግራፊክስ ላይ ከየትኛውም ሴቲንግ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። አንድ ባለ 8 ከመሆን ሁለት ባለ 4 ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ዲዲአር 3ኤል ይሁን ዲዲአር 4 አረጋግጡ፤ ቀዳዳቸው አይገጥምም።

10ኛ፦ ሃርድዌር ከሆነ

ጭረቱ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ባዮስ ላይም ካለ ጌሙም ድራይቨሩም ነፃ ናቸው። ላፕቶፕን በኤችዲኤምአይ ወይም በቪጂኤ ከሌላ ስክሪን ወይም ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። እዚያ ንጹሕ ከሆነ ስክሪን ወይም ገመድ ነው፤ በአቅም የሚጠገን ነው። እዚያም ከተበላሸ ቺፑ ነው።

«ቺፑን እናሙቀው፣ ይነሳል» የሚላችሁ አይጠፋም። በጋለ አየር ማሞቅ ለጊዜው ሊያስነሳው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ አጠገቡ ያሉትንም ይጎዳል። ሊሸጡት ለቸኮሉ ካልሆነ በቀር የሚከፈልበት ሥራ አይደለም። ዴስክቶፕ ላይ ካርዱን ነቅላችሁ ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ካለው በማዘርቦርዱ ቀዳዳ ተጠቀሙ፤ ዶታ በዝቅተኛ ሴቲንግ ይሄዳል። ጥገና ቤት ከሰጣችሁ ደግሞ ስትረከቡ ዴስክቶፑን ዓይታችሁ አትክፈሉ። ጌሙ ላፕቶፑ ላይ አለ፤ ዴሞ ሂሮ ከፍታችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አሠሩት፣ የሙቀቱንም ቁጥር ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ።